«እናቴ ቤት ተከራይቷል ብላ ታወራለች፤ እኔ የማድረው ደጅ ነው»

ጤና ይስጥልኝ፤

ዓምድዎን የማነበው ስልኬን ቻርጅ በማደርግበት ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉልዎ ባለትዳሮች ስለሆኑ የእኔ ጉዳይ እዚህ ይግባ አይግባ አላውቅም። 21 ዓመቴ ነው። ከምሥራቅ ጎጃም ገጠር ነው የመጣሁት። በ2015 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ተፈትኜ 50 በመቶ ሳላመጣ ቀረሁ። የአገሩም ሁኔታ በዚያው ተበላሸና በ2016 ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ የቀን ሥራ እሠራለሁ። ብሎኬት እሸከማለሁ፣ አርማታ አቦካለሁ፣ እቆፍራለሁ፤ የተገኘውን ነው።

መጀመሪያ ደህና ነበርኩ። ከሦስት የአገሬ ልጆች ጋር ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። ለእናቴ «ቤት ተከራይቻለሁ» ያልኳት ያን ጊዜ ነው። በየወሩ 2000 ብር በጎረቤታችን ቴሌብር እልክላታለሁ። ባለፈው ሚያዝያ ቤቱ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ቀይ ቀለም ተቀባ፣ ከዚያም ፈረሰ። ልጆቹ ተበታተኑ። አንዱ አዳማ ሄደ፤ ሁለቱ የሚያስጠጋቸው ዘመድ ነበራቸው። እኔ በምሠራበት ሕንፃ ውስጥ ዘበኛው እየፈቀደልኝ የሲሚንቶ ከረጢት አንጥፌ ማደር ጀመርኩ። ሰኔ ላይ ሥራው ቆመ። ፎርማኑም የ9 ቀን ሒሳባችንን ሳይከፍለን ስልኩን ዘጋ። አሁን ሥራ የማገኘው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሲበዛ ሦስት ቀን ነው፤ በቀን 500 ብር።

ፍልሰታ ሲገባ ደስ አለኝ ብል ይፈርዱብኝ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሱባኤ የያዘ ሰው ብዙ ስለነበር በመካከላቸው ጋቢ ተከናንቤ ስተኛ ማንም ከየት መጣህ አላለኝም። ሥራ ቦታም ምሳ ሲሉኝ «ጾመኛ ነኝ» እላለሁ። ሳይት ላይ ምግብ የምትሸጠው ሴትዮ «በርታ» ትለኝ ነበር። አሁን ጾሙ ተፈታ፣ ሱባኤተኛውም ወደየቤቱ ሄደ፣ የእኔም ሰበብ አለቀ። ሰሞኑን ደጀ ሰላሙ ጥግ ነው የማድረው። አንድ ሁለቴ ከሆቴል የወጣ ቡሌ በልቻለሁ። ሳል ይዞኝ ወር ሊሞላው ነው፤ ብርዱ ይመስለኛል።

የጻፍኩልዎ ግን ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። 17 ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ሁለት ዓመት አለፈው። እናቴ «እዚህ ከቆየ አንድ ነገር ይደርስብኛል፤ አንተ ቤት አለህ፣ አንተ ጋ ይማር» ብላ ለመሳፈሪያው ሁለት በግ ሸጣለች። ከመስቀል በኋላ ይነሳል። ባለፈው እሑድ ደውሎ «ወንድምዓለም፣ ፍራሽ ልያዝ ወይስ አለህ?» አለኝ። «አለኝ» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። አባታችን አርፏል። ደብረ ማርቆስ ልብስ ሰፊ አጎት አለን፤ ከአባቴ ጋር በመሬት ተኳርፈው ስለነበር እናቴ ስሙንም አታነሳም።

እውነቱን ብነግራት የደም ግፊት አለባት፣ እፈራለሁ። አይምጣ ብል ምክንያቴ ምንድን ነው? ይምጣ ብል የት ላሳድረው? ውሸታም ነኝ። ምን ይሉኛል?

ስሜ ይቆይ፣ ከቱሉ ዲምቱ

*

ወንድሜ፣

ጉዳይህ ይገባል፤ እዚህ ለመጻፍ የጋብቻ የምስክር ወረቀት አይጠየቅም። ደብዳቤህ ረጅም ስለነበር ለኅትመት ስናሳጥረው ራስህን «ውሸታም» ያልክባቸውን ሌሎች ሁለት ቦታዎች አውጥተናቸዋል። አንዱን የተውኩት ልመልስልህ ብዬ ነው። ቤት ተከራይቻለሁ ስትላት ተከራይተህ ነበር። ቤቱ ፈረሰና ወሬውን ሳታደርሳት ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦት አለፈ፣ በቆየ ቁጥር መናገሩ እየከበደህ ሄደ። የይሉኝታ ነገር እንዲህ ነው። «ፍራሽ አለኝ» ያልከው ግን ሌላ ነው፤ እሱን ከመስቀል በፊት ታርመዋለህ፤ እንዴት እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ስለ ፈተናውም አንገትህን ደፍተህ የጻፍክ መሰለኝ። አንተ በተፈተንክበት ዓመት ከ800 ሺህ በላይ ተማሪ ተቀምጦ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ ነበር። የአገር ሸክም ነው፤ ለብቻህ አትሸከመው።

አሁን ልጠይቅህ። ዛሬ ምን በላህ? ትናንትስ? ስለ እናትህና ስለ ወንድምህ ብዙ ጽፈሃል፤ ስለ ራስህ ረሃብ ግን የነገርከኝ በጾሙ በኩል አዙረህ ነው። ሰው «ጾመኛ ነኝ» እያለ ሲራብ ረሃቡ ላይ ብቸኝነት ይጨመርበታል፤ ማንም እንዳያየው አድርጎ ደብቆታልና። ለመሆኑ አሁን ያለህበትን ሁኔታ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ? ዘበኛው ያውቃል? ብርዱን ለመርሳት አረቄ ቤት ጎራ ማለት ጀምረህ ከሆነም አልቆጣህም፤ ግን ለራስህ አትደብቀው። ገንዘቡንም እንቅልፉንም የሚወስድብህ እሱ ነውና።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በሳምንት ሁለት ቀን ከሠራህ በወር 4000 ብር፣ ሦስት ቀን ከሠራህ 6000 ብር ታገኛለህ። 2000 ለእናትህ ስትልክ ለአንተ የሚተርፈው በቀን ከ67 እስከ 133 ብር ነው። በዚያ መብላት፣ ማደር፣ መሳፈርና ስልክ መሙላት አለብህ። አንተ ባለህበት ሰፈር አንድ ሽሮ ከ100 ብር እንደሚያልፍ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። እና ወንድሜ፣ ሰነፍ ወይም አባካኝ ሆነህ አይደለም ደጅ ያደርከው፤ በዚህ ገንዘብ ጎበዝ ነኝ የሚል ሁሉ ቢሞክረው ደጅ ያድራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ የማትወደው ይሆናል። የመስከረምንና የጥቅምትን ገንዘብ አትላክ። እናትህ 2000 ላክልኝ ብላህ ታውቃለች? ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ይህን አላገኘሁበትም። ምናልባት አንተው የጀመርከውና ማቆሙ የከበደህ ነገር ይሆን? «ክረምቱ ሥራውን አቀዘቀዘው፤ እስከ ኅዳር ድረስ አልችልም» በላት። አንዲት ሐሰት የሌለባት ቃል ናት። ነሐሴ ጎተራው የሚራቆትበት ወር መሆኑን ገበሬ እናት ለማንም አታስረዳም፤ ሥራ በዝናብ ይቆማል ቢሏትም አይገርማትም። ጥቅምት ሲጠባ ግንባታው እንደሚነቃ አንተም ታውቃለህ፤ ከኅዳር ጀምሮ ተመልሰህ ትልካለህ። እስከዚያው ግን ባዶ ሆድህን ብሎኬት ተሸክመህ የባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ ራስህን ቢያዞርህስ? ከዚያ ወዲያ ለማንም የሚላክ ነገር የለም።

የሚተርፈውን ገንዘብ ከሆድህ ጀምር። ሳይቱ ላይ ምግብ የምትሸጠውን ሴት ጠቅሰሃል፤ «በርታ» የምትልህን። እሷን ኮንትራት ልብላ በላት። ሥራ ባገኘህ ቀን ማታ ከማንም በፊት የእሷን ትከፍላለህ፣ ሥራ ባጣህ ቀን ደግሞ በደብተር ትይዝልሃለች። ለቀን ሠራተኛ ሲያበስሉ የኖሩ ሴቶች ጾመኛውንና የተራበውን የሚለዩ ይመስለኛል፤ «በርታ» ያለችህም ለጾሙ ብቻ ላይሆን ይችላል። ሁሉን መናገር አይጠበቅብህም። «ክረምቱ ከብዶኛል» ብትላት ይበቃል።

ሥራ ባጣህበት ቀን ደግሞ የከተማ አስተዳደሩ የከፈታቸው ተስፋ ብርሃን የሚባሉ የምገባ ማዕከላት አሉ። በቀን አንድ ጊዜ በነፃ ያበላሉ። ለአንተ የትኛው እንደሚቀርብ፣ ምዝገባ ያስፈልግ እንደሆነም ወረዳ ሄደህ ጠይቅ። ምሳ ሰዓት ላይ ስለሆነ ሥራ ካለህበት ቀን ጋር ይጋጫል፤ ለባዶው ቀን ያልኩህ ለዚህ ነው። ሰው ያየኛል ብለህ እንደምትሳቀቅ ይገባኛል፤ ግን እዚያ የሚያይህ ሰው እሱም ሊበላ የመጣ ነው። በ12 እና በ21 ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ዝክር የሚያወጣ አይጠፋም። ለነዳያን ብሎ የወጣን ጠበል ጸዲቅ ሽሽት ጥግ መያዝ ምን ይሉታል? ቡሌውን ግን ብትተወው እመርጣለሁ። ነውር ነው ማለቴ አይደለም፤ መቼ እንደተሠራ አታውቅም፣ ከሥራ ቀርተህ የምትታመምበት ቦታም የለህም።

አንዳንድ ሰው መቄዶንያ ሂድ ይልህ ይሆናል። እነሱ የሚያነሱት አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ነው፤ ያንተ መንገድ ሌላ ነው።

ሳልህ ግን አላማረኝም። ወር ሊሞላው የደረሰ ሳል በብርድ ብቻ አይመካኝም። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ሁሉ መመርመር አለበት። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። አክታህን ብቻ ነው የምትሰጠው። ላይሆን ይችላል፣ አይሁንም፤ ሆኖ ከተገኘ ግን በጊዜ የተጀመረ መድኃኒት ያድናል። ይህን ከሌላው ሁሉ አስቀድመው። ያለዚያ ወንድምህ ቢመጣ እንኳ አጠገብህ አስተኝተኸው ያደረ ቀን ለእሱም ይተርፈዋል።

የ9 ቀኑ ሒሳብ 4500 ብር ነው። ትተኸዋል መሰለኝ፤ «ስልኩን ዘጋ» ብለህ አለፍክ። እኔ ግን ቶሎ አልተውልህም። የተፈረመ ወረቀት የለንም ብለህ ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በቃልም ይጸናል፤ አብረውህ የሠሩት ልጆች ምስክሮች ናቸው። የደሞዝ ጥያቄ ግን በስድስት ወር ካልቀረበ ይርጋ ስለሚያግደው የሰኔውን ከኅዳር እንዳታሳልፈው። ፎርማኑን ማሳደድ ሳያስፈልግህ ዋናው ኮንትራክተርና የሕንፃው ባለቤት ማን እንደሆኑ ዘበኛውን ጠይቅ፤ ዘበኛ ሁሉን ያውቃል። ከዚያ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ወረዳው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ግቡ። አንድ ሰው ሲሄድ «ነገ ተመለስ» ይባላል፤ ሦስት ሰው ሲቆም ቢያንስ ወንበር ይሰጡታል። ገንዘቡ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልህም። ከተመለሰ ግን የክፍል ቅድሚያ ክፍያ ይሆናል።

ስለ ማደሪያው ሁለት መንገድ ይታየኛል። አንደኛው የድሮው ነው፤ ዘመድ ጋ የተጠጉትን ሁለቱን ልጆች ፈልጋቸው። ዘመድ ቤት እንግድነት ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ሲረዝም እነሱንም ሳይከብዳቸው አልቀረም። አራተኛ ሰው ከሥራ ቦታ ይገኛል። ክፍሉን ከመያዛችሁ በፊት ታዲያ ቤቱ ይፈርሳል የተባለ መሆን አለመሆኑን የሰፈሩን ሰው ጠይቁ፤ አከራዩ አይነግራችሁም። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ፊትህን ሊያኮሳትር ይችላል፤ በዳር ከተማው ላይ የወተት ላም የሚያረቡ ሰዎች አሉ፣ ከብት የሚያውቅ ልጅ ይፈልጋሉ፤ ምግብና ማደሪያ ይሰጣሉ። «ከላም ሸሽቼ አዲስ አበባ መጥቼ ተመልሼ ላም ልጠብቅ?» እንደምትል አውቃለሁ። ደሞዙም ከቀን ሥራው ያንሳል። ነገር ግን ከፍ ብለን የሠራነውን ሒሳብ እንደገና ሥራው፤ አልጋና ሦስት ጊዜ እንጀራ ተከፍሎልህ በእጅህ የሚቀረው ትንሽ ብር ዛሬ ከሚቀርህ ይበልጣል። እስከ ጥር ብቻ ብለህ ብትገባበትስ? የጥበቃ ሥራም ማደሪያ አለው፤ ተያዥ ይጠይቃሉ እንጂ። ያ ዘበኛ ሦስት ወር ሲያሳድርህ ምንም ዕቃ አልጎደለበትም፤ ተያዥ ባይሆንህ እንኳ ስለ አንተ ለአለቆቹ አንድ ቃል መናገር ይችላል።

መታወቂያህ የአገር ቤት ከሆነ ከቀበሌህ መሸኛ ያስፈልግሃል። ወንድምህ ባይመጣም መሸኛህ ይምጣ። የፋይዳ ምዝገባም በነፃ ስለሆነ አትተወው። ማታ ማታ «አንተ ማነህ?» ለሚል ሰው የምታሳየው ነገር ሲኖር እንቅልፉም ይሻላል።

ወደ ወንድምህ ልምጣ። ይህን ክፍል ቀስ ብለህ አንብበው።

መጀመሪያ የምትነግረው ለእሱ ነው፣ ከእናትህ በፊት። 17 ዓመት ሕፃንነት አይደለም። ፍራሽ ልያዝ ወይ ብሎ የጠየቀህ እኮ እንዳይከብድህ አስቦ ነው፤ እንዲህ የሚያስብ ልጅ እውነት ይሸከማል። ሱቁ ደጃፍ ሰው እየሰማህ አትደውልለት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ጥግ ይዘህ፣ ካርድህን ሞልተህ ደውል። እሱም ብቻውን ይሁን። ንግግሩ ከጠፋህ ይህን ውሰድ፦ «ፍራሽ አለኝ ያልኩህ አፍሬ ነው። የተከራየነው ቤት ሚያዝያ ላይ ፈርሷል። አሁን ቋሚ ማደሪያ የለኝም፤ ሥራም ክረምት ስለሆነ ቀንሷል። ደህና ነኝ፣ እሠራለሁ፣ ግን አንተን የማሳድርበት ቦታ የለም። ለእማዬ እኔው እነግራታለሁ፤ እስክነግራት ለማንም አታውራ።» ከዚያ ዝም በል። እሱ ይናገር።

ምን እንደሚልህ የምገምት ይመስለኛል። «እንግዲያው መጥቼ አብረን እንሠራለን» ይልሃል። አንጀትህን ይበላዋል፤ እሺ ለማለትም ትቃጣለህ፤ ብቻህን የከረምክ ሰው ነህና። ግን ምን እንደሚሆን አስበው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ አደገኛ ሥራ ላይ እንዳይሰማራ ሕጉ ይከለክላል፤ ደንቡን የሚያከብር ሳይት አይቀበለውም። የሚቀበለው ደግሞ ግማሽ እየከፈለ አርማታ የሚያሸክመው ነው። ማታም ያለህን አንድ እንጀራ ለእሱ ሰጥተህ «በልቻለሁ» ትለዋለህ። ፍልሰታን ሙሉ ተለማምደኸዋል።

ታዲያ «አይምጣ» ብቻ ብለህ ስልክ እንድትዘጋም አልመክርህም። የእናትህ ስጋት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሁለት ዓመት ትምህርት ያጣ ወጣት ልጅ ይዞ በዚያ አገር ማምሸት ምን እንደሚመስል አንተ ታውቃለህ። እሷ የምትፈልገው ልጇ ከዚያ ሠፈር እንዲወጣና እንዲማር ነው። አዲስ አበባን የመረጠችው አንተ ስላለህ እንጂ ሌላ ነገር አይታባት አይመስለኝም። እና ሌላ ቦታ ቢገኝስ?

በደብዳቤህ መጨረሻ አካባቢ አንድ አጎት ብቅ ብሎ ጠፋ። ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ሙያ ያለው፣ ቤት ያለው የአባትህ ወንድም። ኩርፊያው ከአባትህ ጋር ነበር፤ አባትህ ደግሞ አርፏል። አጎትህ ስለዚያ መሬት ዛሬም ያው ሐሳብ ይኖረው ይሆናል፣ ላይኖረውም ይችላል። ከእናንተ ከልጆቹ ጋር ግን ተጣልቶ ያውቃል? በቀብሩ ቀን መጥቶ ነበር? መጥቶ ከነበረ በሩ ገርበብ ብሏል ማለት ነው። እንቁጣጣሽ እየመጣ ነው፤ ለአጎት «እንኳን አደረሰህ» ብሎ ለመደወል ምክንያት አይፈለግም። በመጀመሪያው ስልክ ምንም አትጠይቀው። በሁለተኛው «ወንድሜ ትምህርት አቋርጧል፤ አንተ ጋ ሆኖ ቢማር፣ ሲውል የልብስ ስፌት መኪናህ ላይ ቢያግዝህ» በለው። ከተማው ውስጥ የትኛው ትምህርት ቤት እየመዘገበ እንደሆነም እሱ ቅርብ ስለሆነ ያጣራል። የሁለቱ በግ ዋጋ ለረጅሙ መንገድ ከሚወጣ ለደብተርና ለልጁ ቀለብ ይሁን፤ ባዶ እጁን አይሄድም።

እናትህ ስሙን አታነሳም ብለሃል። እዚህ ላይ አንተ በስልክ አትችላትም፤ ሽማግሌ ያስፈልጋል። የነፍስ አባታችሁ ወይም ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ የሰፈር ሽማግሌ ይግባበት። አንተም ሽማግሌውን ራስህ ለምነው፤ የሟች የበኩር ልጅ ሲለምን ሽማግሌ እምቢ አይልም። ባይሆንስ? አጎትየው እምቢ ቢልስ? ያን ጊዜ ወንድምህ አንተ ክፍል እስክትይዝ ድረስ ጉዞውን እስከ ኅዳር ይግፋ። ሲነሳም የክፍል ውጤቱን ወረቀት፣ የልደት የምስክር ወረቀቱንና መሸኛውን ይዞ ይምጣ፤ ያለ እነሱ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት የሚያስመዘግበው የለም።

ስለ እናትህ የምለው አጭር ነው፣ የማይስማማበት አንባቢም ይኖራል። ቤቱ መፍረሱንና ወንድምህን አሁን መቀበል እንደማትችል ራስህ ንገራት፤ ከመስቀል በፊት፣ ከአጎትህ አንድ ነገር ከሰማህ በኋላ። ባዶ ዜና ከመንገር «እንዲህ አስበናል» የሚል ያለበትን መንገር ለእሷም ይቀላል። ደጅ ማደርህን ግን አሁን አትንገራት። የምትሰማህ በጎረቤት ስልክ ነው፤ ጎረቤትየዋ አጠገቧ ቆማ እያለች ይህን መስማት የለባትም። የደም ግፊቷንም አስቤያለሁ። በአካል ስትገናኙ፣ ጣራ ሥር ገብተህ ካደርክ በኋላ፣ ያለፈ ነገር አድርገህ ትነግራታለህ። የት ታድራለህ ብላ ፊት ለፊት ከጠየቀችህ ግን «አለኝ» አትበላት፤ «እየፈለግኩ ነው፣ እስከዚያ እዚህም እዚያም አድራለሁ» በላት።

«ለምን ጠቅልለህ አገርህ አትገባም?» የሚልህም አይጠፋም። እኔም አሰብኩት። መመለስ ሽንፈት ሆኖ አይታየኝም፤ ነገር ግን እናትህ አንዱን ልጇን ለማስወጣት በግ በምትሸጥበት ጊዜ ሌላውን ተመለስ ማለት አልሆነልኝም። አገሩ ሰላም ሲሆን ደግመህ ታስበዋለህ።

ይህን ሁሉ ባንድ ሳምንት አትጨርሰውም። ጤና ጣቢያው ነገ፣ ወንድምህ እሑድ፣ አጎትህ በእንቁጣጣሽ። ሌላው እግረ መንገዱን ይመጣል። ስትጽፍልኝ የሳልህ ምርመራ ውጤት ምን እንደሆነና አጎትህ ስልኩን አንስቶ እንደሆነ ንገረኝ። አላነሳም ካልከኝ በሌላ በኩል እንሞክራለን።